በአክስሉ ትከሻ ላይ የተመታ መስቀል

ጥር 15 ቀን 1994፣ ሰቆጣ

የሸጌ ጋሪ ዛሬም ተሰበረ። ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛ አክስል መሆኑ ነው፤ ሦስቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ዳገቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ስትደርስ ሁለቱን ጎማ የሚያዞረው ብረት ከትከሻው ላይ ቀጭ ብሎ ቀረ። ትከሻ የምንለው ወፍራሙ ብረት ጎማ ወደሚገባበት ወደ ቀጭኑ የሚወርድበትን ቦታ ነው። ሁሌም እዚያው ላይ ነው። በርሜሎቹ ተንከባለሉ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ በቅሎዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆማ ሣር ትግጣለች። ሰው አልተጎዳም። የኔ አክስል ሲሰበር ሰው ተጎድቶ አያውቅም፤ ይህን ጽፌ ላስቀምጠው።

ሸጌ የባለቤቴ የለተሥላሴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለከተማው ውሃ እያመላለሰች ነው የምትኖረው። አልተቆጣችኝም። "ምን ታደርግ እንግዳው፣ ብረቱ ነው እንጂ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለተም አልሰደበችኝም፤ እራት ስታቀርብ ሳህኑን ያስቀመጠችበት አቀማመጥ ግን ከስድብ አይተናነስም።

የብረት ቤቱ ባለቤት ጋሼ ምሳው ደግሞ ሰው ቀጠሩ። ወንዳወቅ ይባላል፣ የደሃና ሰው ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሰባት ዓመት የመኪና ባሌስትራ ሲሠራ ኖሮ መመለሱ ነው። እንግዲህ በዚህ ብረት ቤት አሥራ አራት ዓመት የኖርኩት፣ ደሴ ቴክኒክ ተምሬ ቶርኖውን፣ የብረት መከርከሪያ ማሽኑን፣ የማንቀሳቅሰው እኔ እያለሁ፣ ለአንድ አክስል ሰው ከሱዳን ይምጣ! ይሁን።

ጥር 19

ማግኔት። ወንዳወቅ ከተበላሸ ቴፕ የፈታውን ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሎ እንደ ክታብ ይዞት ይዞራል። ምን ያደርግልሃል ብዬ አልጠየቅኩትም። አልጠይቅምም።

ጥር 24

ዛሬ ሲሠራ አየሁት። ላለማየት ቶርኖዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ ዓይን ግን መቼ ይታዘዛል።

የኛ ብረት በጦርነቱ ጊዜ ከተቃጠሉ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎች የሚፈታ ነው። እኔ በልኩ ከርክሬ እገጥመዋለሁ። እሱ ግን "ይህ ብረት አንዴ ተቃጥሎ ጉልበቱን ረስቷል፤ እንደገና ማስታወስ ያስፈልጋል" ይላል። አክስሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል ውስጥ አጋድሞ ወናፉን ያዘ። ብረቱ ሲቀላ ማግኔቱን አስጠጋ፤ ማግኔቱ ተለጠፈ። ቆይቶ እንደገና አስጠጋ፤ ተለጠፈ። ሦስተኛው ላይ ማግኔቱ ብረቱን እንደማያውቀው ሰው አለፈው። "አሁን በስሏል" አለና ትንሽ ጨምሮ አቆይቶ፣ በጉጠት አንስቶ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ቀጥ አድርጎ ነከረው። ጋሼ ምሳው "ለምን በውሃ አላደረግከውም?" አሉት። "ውሃ ያስደነግጠዋል ጋሼ፤ የደነገጠ ብረት ውስጡ ይሰነጠቃል።"

በዚህም አላበቃም። አሁን እንደ ጠርሙስ ነው፣ ይሰበራል አለና እሳቱን አዳክሞ መለሰው። የባትሪ ድንጋይ ቀፎ በመቀስ ቆርጦ አክስሉ ላይ አስቀመጠ። ቀፎው የሙቀቱ መለኪያ ነው፤ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ ብረቱን አውጥቶ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ እስከ ነገ ጠዋት አይነካም።

እኔ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ደሴ ተምሬዋለሁ። መምህራችን የብረት ድካም ይለው ነበር፤ አክስል በአንድ ቀን ሸክም አይሞትም፣ በዞረ ቁጥር ጥቂት እየተጣመመና እየተቃና ነው በሺህ በሺህ ዙር የሚደክመው። ደብተሬ ውስጥ ሥዕሉ ሳይቀር አለ። ታዲያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለምን አልሠራኸውም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይመጣ ነው የምፈራው። ለተ ማታ "ሰውዬው ብረት ያስተኛል አሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። አመድ ውስጥ ነው የሚቀብረው አልኳት። "ታዲያ አንተም ቅበራ!" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የካቲት 3

ጋሼ ምሳው ዛሬ ሁለታችንን ጠሩን። እጃቸው ከታኅሣሥ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። "ልጅ የለኝም፤ ከፋሲካ በኋላ ገዳም እገባለሁ። የዚህን ቤት ቁልፍ ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ። ማን እንደሆነ ሥራው ይንገረኝ" አሉ።

አሥራ አራት ዓመት! ሥራው ይንገረኝ ይሉኛል። ከዚያ ሁለቱ በአገውኛ ተጫወቱና ሳቁ። እኔ የላስታ ሰው ነኝ፤ ከሰላምታ የዘለለ አልሰማም። የት እንደሚስቁ ግን አውቃለሁ፤ ወንዳወቅ ሲስቅ ዓይኑ ወደ ቶርኖዬ ነበር።

የካቲት 9

አዋረደኝ። በገዛ ቶርኖዬ!

"ወንድም ዓለም፣ ቶርኖህን አውሰኝ፤ የሁለታችንንም ብረት እንፈትን" ብሎ መጣ። ጋሼ ፊት እምቢ ምን ብዬ ልበል። በአንድ ልክ ሁለት ቀጭን ዘንግ ከረከርኩ፤ አንዱን እሱ አግሎ ነክሮ አስተኛው፣ ሌላው እንደኔ ወግ ባዶውን። በየተራ የዘንጉን አንድ ጫፍ ቶርኖው ላይ አሰረ፣ በሌላው ጫፍ ኩሽኔታ አግብቶ ድንጋይ አንጠለጠለበት፣ "አሁን አዙረው" አለኝ። አስበው፤ የገዛ መሸነፌን ሞተሩን አስነስቼ የማዞረው እኔ ነኝ። የኔው ከምሳ በፊት ተቀነጠሰ። የሱው ናፍጣው እስኪያልቅ ዞረ።

ጋሼ ምሳው የሱን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱና "እጅህ ይባረክ" አሉት። እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ወይም ብለውኝ ይሆናል፣ ረስቼው ይሆናል። አይደለም፣ አላሉኝም።

የካቲት 16

የሸጌ አክስል ተጠናቀቀ። ከርክሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አስተኛው፣ ጎማ የምገጥመው ደግሞ እኔ።

ጠዋት ሊያስተምረኝ መጣ። "ትከሻውን እንደ ቅል አንገት ክብ አድርገህ አውርደው። ጭረት እንኳ እዚያ ቦታ አይኑር፤ ድካም የሚገባው በጭረት ነው።" አውቃለሁ አልኩት። "አንተማ የተማርክ ነህ፣ አውቃለሁ ስትል አምናለሁ" አለኝ። ይህ ሰው ሲያከብረኝ ነው ይበልጥ ደሜ የሚፈላው።

ከዚህ ቤት የሚወጣ ሥራ ሁሉ መስቀል ይመታበታል፤ ማረሻም ይሁን በር። የጋሼ ምሳው ወግ ነው፣ ከአባታቸው የወረሱት። እሳቸው አክስል ላይ የሚመቱት ጫፉ ላይ ነው። እጃቸው ከደከመ ወዲህ ግን ማን ይምታ ሳንባባል ቀርቷል። ለሸጌ፣ ያውም ለባለቤቴ እህት፣ መስቀል የሌለበት ሥራ ይሰጣል? ወንዳወቅ ከሰል ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። መሮውን አነሳሁ። ብረቱ ጠንክሯል፤ መሮው ሁለቴ ተንሸራተተ፣ ሦስተኛው ላይ ነከሰ። ትከሻው ላይ መታሁት። ጫፉ በጎማው ክዳን ይሸፈናል፤ ለዚህ ነው። ቅባቱን ቀብቼ ገጠምኩት።

ለበረከት ነው። መስቀል ለምን መታህ የሚል ክርስቲያን ካለ ይምጣ።

የካቲት 17

ጫፉ በፊትም ሁሌ በክዳን ይሸፈን ነበር። ይህን ትናንት አላሰብኩትም።

መጋቢት 2

ጾም ገባ። የሸጌ ጋሪ በቀን አራት ጊዜ በደጃፋችን ያልፋል። ጩኸቱን ከሌላው ጋሪ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሲያልፍ እጄ ይቆማል፤ ካለፈ በኋላ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ለተ ከእህቷ ቤት ደስ ብሏት መጣች። ሸጌ ከዚህ በፊት ሁለት በርሜል ትጭን ነበር፣ አሁን ሦስት ሆነ። "ወንዳወቅን እግዜር ይስጠው" አለች። ሦስት በርሜል ይበዛል አልኳት። "አይበዛም፤ እሱ ይችላል ብሏል።" እሱ ይችላል ብሏል! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መደቤ ላይ ተቀምጬ የምሰማው ይህንን ነው። ብረት ቤት እሱ፣ እቤት እሱ፣ ምንጭ ወርጄ ውሃ ብቀዳ እዚያም የሚወራው እሱ ነው።

ሲሰበር ያኔ እናያለን። እንደ ልማዱ ሜዳ ላይ ነው የሚሰበረው፤ በቅሎዋ ቆማ ሣር ትግጣለች፣ ያ ሁሉ ምስጋና ውሃ ይበላዋል፣ አለቀ። ሰው አይጎዳም።

መጋቢት 20

አልተሰበረም።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። የነፍስ አባቴ ሲያስተምሩ "ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል" አሉ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፤ እኔ ወንዳወቅ የት እንደቆመ ፈለግኩ። ይስማው ብዬ።

ሚያዝያ 4

ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው የምጽፈው።

ሸጌ ጋሪውን ቅባት ልታስቀይር መጣች። ወንዳወቅ ኮረም ሄዷል። ጎማውን ፈታሁ፣ የድሮውን ቅባት በጨርቅ ጠረግኩ። ከመስቀሉ እግር ሥር አንድ መስመር ወጥቷል። ፀጉር የምታህል፣ ቀላ ያለች፤ ብረቱ ዙሪያ ሩብ ያህል ሄዳለች። በጥፍሬ ነካኋት።

ሸጌ ከደጅ ሆና "እንግዳው፣ ደህና ነው?" አለችኝ።

ደህና ነው አልኳት።

ቅባቱን ቀብቼ ገጠምኩት።

ሚያዝያ 5

ጭረት ናት። ሲገጠም የተፈጠረች ጭረት። ዝገት ጭረት ውስጥ ይገባል፣ ይቀላል። የመስመሯ ጫፍ የቀጠነው ጭረት ስለሆነች ነው።

ደግሞስ ሥራው የወንዳወቅ ነው። በሥራው ከተማመነ ለምን ራሱ አያየውም? እኔ የሰው ሥራ ጠባቂ ነኝ?

ሚያዝያ 11

ለተን፣ እህትሽ ሦስት በርሜል ትተው በይ አልኳት። "ቀናህ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ያንን ቃል ባትናገር ኖሮ እነግራት ነበር። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ እነግራት ነበር።

ሚያዝያ 19፣ የሆሣዕና ዋዜማ

ተሰበረ። ቁልቁለቱ ላይ። ሜዳው ላይ አይደለም። ጋሪው ተገለበጠ፣ አንድ በርሜል እግሯ ላይ ወጣ። በቃሬዛ ወሰድናት። ቀኝ እግሯ፣ ከነጉልበቷ። ለተ መንገዱን ሙሉ ስሜን እየጠራች አለቀሰች። እንግዳው ምን ይሻላል ትላለች። እኔን።

ሰው አይጎዳም ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ሰሙነ ሕማማት

ሐኪሞቹ እግሯ አይቆረጥም ብለዋል፤ ነገር ግን አይታጠፍም። ጋሪ ነድታ ዳገት መውጣቷ አበቃ።

ከተማው በወንዳወቅ ላይ ተነስቷል። "የሱዳን ጉድ፣ አመድ ውስጥ እያስተኛ ሴት አስገደለ" ይላሉ። ሸጌ ደግሞ አልሞተችም፤ ወሬ ሲሮጥ ማን ይደርስበታል። ጋሼ ምሳው አያናግሩትም። እኔ ይህንን ነበር የተመኘሁት። ምኞቴ ደረሰልኝ፣ አንድ ጉርሻ ግን አልወርድልህ ብሎኛል።

ዛሬ ከስግደት ስንመለስ ወንዳወቅ እጄን ይዞ ወደ ብረት ቤቱ ወሰደኝ። ስባሪውን በጆንያ ጠቅልሎ ደብቆታል። መብራት አስጠጋና "እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ እይ" አለኝ። የተሰበረው ፊት ግማሹ ለስላሳ ነው፤ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት። ቀለበቶቹ የሚጀምሩት ከአንድ ነጥብ ነው። የቀረው ሻካራ ነው፣ በአንድ ጊዜ የተቀነጠሰው።

"ከመስቀሉ እግር ነው የጀመረው" አለ። "ቀስ ብሎ፣ ሳምንት በሳምንት ነው የሄደው። አስተኛኘቴ ደህና ነበር።"

ታዲያ ለጋሼ ለምን አትነግራቸውም አልኩት።

"ምን ብዬ? ከሳቸው ሌላ መስቀል የሚመታ ሰው አለ? ዓይናቸው ደክሟል፣ ጫፉን ስተው ትከሻው ላይ መቱት። ሸጌን ያሰናከልኳት እኔ ነኝ ብለው ገዳም ይግቡ? ደግሞስ መስቀል ነው የሰበረው ብል ይህ ሕዝብ ምን ይለኛል? በኔ ይለፍ ወንድሜ። አንተም አደራ፣ አትንገራቸው።"

አደራ አለኝ። እኔን አደራ አለኝ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው ግን አይጧን ይሸፍናት ጀመር። እዚያው ላይ መናገር ነበረብኝ። ያፈነኝን ነገር ልጻፈው፣ ሌላ ማንም አያነበውም፤ በዚያች ሰዓትም ቀናሁበት። ተሰድቦ፣ ተጠልቶ እንኳ ከኔ ይበልጣል።

ሚያዝያ 29

ጋሼ ምሳው ቁልፉን ሰጡኝ። "አንተ ዝም ብለህ የቆየህ ታማኝ ነህ" አሉ። ዝም ማለቱንስ ዝም ብያለሁ።

ግንቦት 6

ወንዳወቅ ወደ ወልድያ ሄደ። አንድ ጋራዥ ሥራ አግኝቷል አሉ። አውቶቡስ ተራ ልሸኘው ስደርስ ለተ ቀድማኝ ቆማለች። ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በነጠላዋ ቋጥራ ሰጠችው። "ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ስንቅ ሳይዝ አይሄድም" አለችኝ። የእህቷን እግር ሰበረ ለተባለ ሰው! ለኔ በጠረጴዛ ላይ ሳህን እየወረወረች ለሱ ስንቅ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ይለበልበኛል፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሊሳፈር ሲል ማግኔቱን እጄ ላይ አደረገልኝ። "ቤቱ ካንተ ጋር ነው፤ እሱም እዚሁ ይቅር" አለኝ።

ግንቦት 14

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ። ቶርኖው፣ ወናፉ፣ በርሜሉ ሁሉ የኔ ነው። ጠዋት ከፍቼ እገባለሁ፣ መሮው ያለበትን መደርደሪያ ሳላይ እውላለሁ።

ለሸጌ አዲስ አክስል ጀምሬያለሁ። ጋሪውን የባሏ ወንድም ጌታሰው ሊነዳላት ነው። እንደ ወንዳወቅ አድርጌ አጋልኩት፣ ማግኔቱ እስኪያልፈው ጠበቅኩ፣ ዘይት ውስጥ ነከርኩት፣ የባትሪ ቀፎውን አቀለጥኩ። ሁሉም ሠራ። አሥራ አራት ዓመት መሥራት እችል ነበር ማለት ነው።

ግንቦት 21

ሸጌ መጣች። በምርኩዝ፣ ለተ ደግፋት፣ ከቤቷ እስከዚህ ግማሽ ቀን ፈጅቶባት። አክስሉን ልታይ ነው የመጣችው። በርጩማ ሰጠኋት፤ አክስሉን ጭኗ ላይ አጋድማ በመዳፏ ዳሰሰችው። ትከሻው ክብ ነው፣ እንደ ቅል አንገት፣ አንዲት ጭረት የለበትም።

"መስቀሉስ?" አለች።

እመታለሁ አልኳት፤ ጫፉ ላይ።

"የለም። ያለፈው የነበረበት ቦታ፣ እዚህ።" ጣቷን ትከሻው ላይ አደረገች። "ወንዳወቅ ከመሄዱ በፊት ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጥቶ ስባሪውን አሳይቶኛል። እንግዳው፣ ያ በርሜል ለአንገቴ ነበር የመጣው። ያ መስቀል ነው በእግሬ ያስለወጠኝ። ነፍሴን ያተረፈው እሱ ነው። እዚያችው ቦታ፣ እኔ እያየሁ ምታልኝ።"

ለተ መሮውን ከመደርደሪያው አውርዳ አቀበለችኝ። ያዝኩት። መዶሻውንም ያዝኩ። አክስሉን ሞርሳው ላይ አሰርኩት፣ የመሮውን ጫፍ ትከሻው ላይ አስቀመጥኩ። ሸጌ አማተበች። ከዚህ በኋላ ጌታሰው ነው የሚነዳው ብዬ አሰብኩ። ቁልቁለቱንም አሰብኩ።

መሮውን አስቀመጥኩት።

ያንን መስቀል የመታሁት እኔ ነኝ አልኳት። ለበረከት አይደለም። እንዲሰበር ነው። ቅባት ስትቀይሪ ስንጥቁን አይቼው ነበር፣ ደህና ነው ብዬሻለሁ።

ሸጌ እግሯን አየች፣ ከዚያ እኔን። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ዛሬም ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ወንዳወቅ ያውቃል?" አለች።

አያውቅም። ጋሼ ናቸው ብሎ ነው የሄደው።

"እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? መጀመሪያ ለሱ ነው የሚነገረው።" ምርኩዟን አነሳች። "አክስሉን ጫፉ ላይ ምታልኝ።"

ግንቦት 22

ለጋሼ ምሳው ነገርኳቸው። ቁልፉን ልመልስላቸው ብል አልተቀበሉኝም፤ "ለባለቤቱ ውሰድለት" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወልድያ እወርዳለሁ። ቁልፉንና ማግኔቱን በአንድ መሀረብ ቋጥሬያለሁ። ሲያየኝ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። አከብርሃለሁ እንዳይለኝ ብቻ።

ለተ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ስንቅ አልቋጠረችልኝም።